የዱዓሌ ከሰል ሁለት መርፌዎች

ጀማል ከድሬዳዋ ባቡር ወርዶ በቀጥታ የመጣው እኔ ቤት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሳየው፣ ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ ክፉ ወሬ እንደያዘ ገባኝ። ጀማል ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ዝም ካለ አንድ ነገር አለ።

«አብቲ ሞተ» አለኝ።

አብቲ ሶማሌዎች የእናታቸውን ወንድም የሚጠሩበት ነው። የጀማል እናት ወንድም ግን እሱ ሕፃን ሳለ ባሕር ማዶ ሞቶ ቀርቷል። አብቲ የሚለው ሰውዬ በሥጋ አይዛመደውም። እኔና መላው የመጋላ ሰፈር የምናውቀው ዱዓሌ ከሰል ብለን ነው።

ድሬዳዋ ሰውን ያለ ቅጽል ስም አታስቀምጥም። አንካሳውን አንካሳ፣ ረጅሙን ረጅሙ ብላ ትጠራለች፤ ባለቤቱም ሳይከፋው አቤት ይላል። ዱዓሌም እንግሊዝ አገር ከምድር በታች ከሰል ሲቆፍር ኖሮ የመጣ ስለሆነ ከሰል ተባለ፤ በዚሁ ስም አረጀ፣ በዚሁ ስም ተቀበረ።

ጀማል ቁጭ ብሎ ውሃ ከጠጣ በኋላ ስለ ቀብሩ አወራኝ። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ሰውየውን ሳታውቁት ቀብሩን ብትሰሙ ምንም አይገባችሁም።

ያወቅሁት ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ከአሰበ ተፈሪ ሥራ ፍለጋ ወርጄ መጋላ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ዱዓሌ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ገመድ የሚስብለት ጠንካራ ሰው ፈልጎ እኔን ያዘ። ጀማል ያኔም ቆፋሪው ነበር፤ ጢሙን ገና ማበጠር የጀመረ፣ ሲቆፍር የሚዘፍን፣ ሲያርፍም የሚዘፍን ጎረምሳ። መጀመሪያ ቀን ዱዓሌን በአገሬ ወግ «እርስዎ» ብለው ፊቱን አጨማደደ። «አቦ ጸጋዬ፣ ምን አጠፋሁ? አንተ በለኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት፤ አሁንም ሳወራው አንተ የምለው እየመሰለኝ ነው።

መልኩን ያየ አይረሳውም። ረጅም ነው፤ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚሄደው፣ ጣራው ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው። ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳን ቀና አይልም ነበር። ግንባሩ ላይ ከቆዳው የባሰ የጠቆረ ጠባሳ አለ፤ ከሰሉ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ እዚያው ደርቆ ቀርቷል። ከላይ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰደርያ፣ ከታች ሽርጥ ይለብሳል። ሻይ በቆርቆሮ ኮዳ ይዞ መጥቶ ቀዝቅዞ በረዶ ከመሰለ በኋላ ነው የሚጠጣው። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ብልህነት ሊመስል ይችላል፤ ዱዓሌ ግን ሻይ እንዲህ ካልሆነ ሻይ አይመስለውም። ከከሰሉ ጉድጓድ ያመጣው አመል ነው።

ከዚያ ያመጣው ሌላው ነገር ሰዓቱ ነበር። ሰዓት ያልኩት መጋላ ስላለው ነው እንጂ ሰዓት አይደለም። ትልቅ ሰሃን የሚያህል ከነሐስ የተሠራ ክብ ዕቃ ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ ሁለት መርፌ። አንዱ ጥቁር መርፌ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሌላውን የነሐስ መርፌ ግን መስታወቱ መሃል ላይ ባለች ቁልፍ ሰው ነው የሚያዞረው። ዱዓሌ ጠዋት ጠዋት የነሐሱን መርፌ ከጥቁሩ ላይ ልክ ይገጥመዋል፤ ከዚያ ጥቁሩ ምን ያህል እንደሸሸ በየጊዜው እየመጣ ያያል። «ይቺ የእኛ ናት፤ ያቺ የአላህ ናት» ይል ነበር። «የእኛዋ የምትቆመው እኛ ባቆምናት ቦታ ነው።»

ሥራው የአየርን ክብደት መለካት ነው። ዱዓሌ የድስት ክዳን እያነሳ ነው ያስረዳን። አየር ከባድ ሲሆን እንደ ክዳን ጉድጓዱን ይጫነዋል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ያደረው ክፉ አየር እዚያው ይተኛል። አየሩ ሲቀል ክዳኑ ተነሳ ማለት ነው፤ ክፉው አየር ከየስንጥቁ ይወጣል። በከሰል ጉድጓድ እሳት ይሆናል፤ በውሃ ጉድጓድ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ሰውን ያፍናል። ስለዚህ መርፌዋ ስትወርድ ማንም ወደ ጉድጓድ አይወርድም። ይህ የዱዓሌ ሕግ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ችግሩ መርፌዋ ድሬዳዋ ውስጥ በየቀኑ መውረዷ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ቀስ እያለች ትወርድና አስር ሰዓት ላይ ታች ትሆናለች። ዛሬም እንዲሁ፣ ነገም እንዲሁ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ያለው ደግሞ ከተማው በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ጫት ሊቅም በርጫ ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። የመጋላ ሰው ይህን አይቶ ሊያልፈው ነው? «የዱዓሌ ሰዓት ጫት ትቅማለች» አሉ። «ወርያ ዱዓሌ፣ መርፌህ ምርቃና ላይ ናት?» እያሉ በመንገድ ይጠሩታል። ጉድጓድ የሚያስቆፍሩት ባለቤቶች ግን አይስቁም ነበር፤ በሌላ ቆፋሪ በሳምንት የሚያልቀው በእሱ እጥፍ ይፈጃል። ጥለውት የሄዱም አሉ።

እሱ ራሱ በመርፌዋ ላይ ይስቅ ነበር። አገሩ የገባበትን ቀን ሲያወራ ሆዳችንን ይዘን ነው የምንሰማው። ከጅቡቲ ባቡር ተሳፍሮ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይመጣል። ባቡሩ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ዳገቱን ሲያያዘው መርፌዋ መውረድ ጀመረች። ወረደች፣ ወረደች፤ ዱዓሌ በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ቦታ ደረሰች። ሰው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ እንደሚቀል ማን ነግሮት! ያለቀላቸው መሰለው። ተነስቶ «ባቡሩን አቁሙ! ውረዱ!» እያለ ጮኸ። ሴቶች አለቀሱ፣ አንድ ሽማግሌ ዶሮውን ይዞ በመስኮት ሊወርድ እግሩን አወጣ። አንድ ነገሩ የገባው መንገደኛ ነው በስንት ልመና ያስቀመጠው። ድሬዳዋ ሲደርስ መርፌዋ ታች ተጣብቃ ቀርታ ነበር፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለ አርመን ሰዓት ሠሪ ከጀርባዋ ያለውን ብሎን አዙሮ መለሳት። «እኔኮ አገሬ የገባሁት ሰው እያስለቀስኩ ነው» ይላል ዱዓሌ፣ ቀዝቃዛ ሻዩን እየጠጣ።

አንድ ጊዜ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው በሠራንበት ግቢ ይኖር ነበርና ዕቃውን አየው። ጨዋ ሰው ነው፤ ቁጭ ብሎ ባሮሜትር እንደሚባል ነገረን። በሞቃት አገር ሁሉ መርፌዋ በቀን በቀን እንዲህ እንደምትወጣና እንደምትወርድ፣ ይህ የፀሐይ ሥራ እንጂ አደጋ አለመሆኑን በእርጋታ አስረዳ። እኔና ጀማል ተያየን፤ ከእንግዲህ ከሰዓት በኋላም ልንሠራ ነው ብለን። ዱዓሌ ራሱን ነቀነቀ።

«ትክክል ነህ፣ መምህር። በመጣሁ በወሩ አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ታስቆማቸዋለህ?»

«ከነዚህ ሁሉ የውሸት መውረዶች መሃል አንዷ እውነት ብትሆንስ? መልካቸው አንድ ነው። በምን እለያታለሁ?»

መምህሩ ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ። 

ይህን ያህል የሚፈራው ለምን እንደሆነ የነገረኝ በሌላ ቀን ነው። ጀማል ምሳውን ሊበላ ሄዶ ሁለታችን ብቻ የጉድጓዱ አፍ አጠገብ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ሂርሲ የሚባል አብሮ አደግ ነበረው፤ የጀማል እናት ወንድም። ከመጋላ አብረው ወጡ፣ አብረው የመርከብ ምድጃ ማገዶ ሲቆሰቁሱ ኖሩ፣ በመጨረሻም አብረው ከሰል ጉድጓድ ገቡ። ይህ ዕቃ ያኔ የጉድጓዱ በር ላይ ነበር የሚሰቀለው። የሚጠብቀው እግሩን ጉድጓዱ የሰበረው ሽማግሌ እንግሊዝ ነው። ዱዓሌ ማንበብ አይችልም፤ ሽማግሌው ግን መርፌ ማየት አስተማረው።

«አንድ ቀን ጠዋት መርፌዋ ክፉኛ ወርዳለች» አለኝ። «ሽማግሌው ለአለቃው ነገረ። አለቃው ከዚህ የባሰም አይተናል፣ ሥራ ግቡ አለ። እኔ የሂርሲን ክንድ ያዝኩ። አትውረድ አልኩት። ‹አንተ ዱዓሌ፣ መርፌ ፈራህ?› ብሎ ሳቀብኝ። ክንዱን ከእጄ አወጣና ወረደ። እኔ ቀረሁ።»

ኮዳውን አነሳ፤ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

«ቀትር ላይ መሬቱ ከሥር ጮኸ። ትክክል ነበርኩ፣ ጸጋዬ። ወላሂ፣ ትክክል መሆን እንደዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ጉድጓዱ ሲዘጋ ሽማግሌው ዕቃውን ሰጠው። ዱዓሌ ይዞት መጥቶ መጀመሪያ የገባው የሂርሲ እኅት ቤት ነው፤ አዴ ሞሚና ዘንድ። አዴ በሐረርና በድሬ እናት እንደማለት ነው፤ እሷም ባሏ የሞተባት፣ ጀማልንና አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች። ወንድሟ እንዴት እንደሞተ ነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማል አብቲ አለው። ጀማል ቆፋሪ ልሁን ሲለውም ዱዓሌ ከሌላ ሰው ጋር ከሚቆፍር ብሎ ከራሱ ጋር ያዘው።

አሁን የሰርጉን ነገር ላውራ።

የጀማል እኅት ልታገባ ነው። በጋው ከሮ የአዴ ሞሚና ጉድጓድ ደረቀ። ሙሽራው የጅጅጋ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ በጭነት መኪና ተጭነው ይመጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ይበላሉ፣ ድግሱ የሚበስለው በውሃ ነው። አዴ ሞሚና ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጉልኝ አለችን። ቀን ከቀን ቆፈርን፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ እርግጥ ነው። የሰርጉ ዋዜማ ቀትር ላይ ጀማል ያወጣው ድንጋይ እርጥብ ነበር። ውሃው እዚያ ነው፣ ከእግሩ ሥር። በዚያን ጊዜ ዱዓሌ «በቃ፣ ውጣ» አለ።

ጀማል ወጣ፤ ግን መቆፈሪያውን አልሰበሰበም። ሄዶ መርፌዋን አየ። የእኛም ዓይን ተከተለው። ጥቁሯ መርፌ ከሌላው ቀን ይበልጥ ወርዳ ነበር። በተራራው በኩል ደመና ተከምሯል፣ የሚጋረፍ ነፋስ ከአሸዋው ወንዝ አቧራ እያነሳ ግቢው ውስጥ ይጥላል። ዱዓሌ ፋኖስ በገመድ አስሮ ወደ ታች ላከ። ፋኖሱ ሳይጠፋ በርቶ ተመለሰ።

«አየህ አብቲ» አለ ጀማል፣ «አየሩ ደህና ነው።»

«ፋኖስ ያሁኑን ነው የሚያውቀው። መርፌዋ የምትናገረው ኋላ የሚመጣውን ነው።»

ግቢው በሴቶች ተሞልቷል፤ ሽንኩርት የሚልጠው ይልጣል፣ ከበሮ የሚያሞቀው ያሞቃል። አዴ ሞሚና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ዱዓሌ፣ የወንድሜን ሞት ስትነግረኝ ይቺን መርፌ አሳየኸኝ። ልጄን ስንት ዘመን በዚች መርፌ አሰርክብኝ፤ እሺ አልኩ። ነገ ሰው ደጄ ላይ ሲቆም በምን ፊት ልየው? መርፌ ወርዳ ነው ልበለው?»

 ጀማል ወደ ጉድጓዱ ተራመደ። ያን ጊዜ ዱዓሌ ክንዱን ያዘው። አያያዙን ሳይ የነገረኝ የሂርሲ ታሪክ ዓይኔ ፊት ሲደገም ታየኝ።

«አትውረድ።»

«እወርዳለሁ፣ አብቲ። ሰርጉ የእኅቴ ነው። አንተ ግን ካልፈቀድክ ገመዱን ማን ይዞልኝ ነው የምወርደው?»

ልዩነቱ ይሄ ነው። ሂርሲ ስቆ ክንዱን አወጣ፤ ጀማል ግን ክንዱን እዚያው ትቶ ጠበቀ። ዱዓሌ ለረጅም ጊዜ ያዘው። ኋላ ለቀቀውና ገመዱን ራሱ አንስቶ በደረቱ ዙሪያ አሰረለት፤ ቋጠሮውን ደጋግሞ ሳበው።

«ዝፈን» አለው። «ከመነሻው እስክትወጣ ድረስ ዝፈን። ድምፅህ የተቋረጠ ጊዜ እስብሃለሁ። ልብ በል፣ ትንፋሽ ልውሰድ ብትል እንኳን እስብሃለሁ።»

ጀማል የሰርግ ዘፈን እየዘፈነ ወረደ። ከጉድጓድ የሚወጣ ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከመሬት ሆድ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ ተቀበለችው፣ ሌላዋም፤ ከበሮው ገባ፣ እልልታው ቀለጠ። ታች አንድ ሰው በዶማ እየቆፈረ ዘፈን ያወጣል፣ ላይ ግቢው በሙሉ ይቀበላል። የድሬዳዋ ሰርግ እንዲህ ተጀምሮ አያውቅም። ዱዓሌ ግን የጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ታች ሰጥቶ ነበር። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። እኔ ገመዱን ከኋላው ይዣለሁ።

ዘፈኑ ቆመ።

ሴቶቹ ሳያውቁ አንድ ስንኝ ቀጠሉ፤ ከዚያ እነሱም ጸጥ አሉ። ዱዓሌ «ሳብ!» ይበል አይበል አላስታውስም፤ ብቻ መሳባችንን አስታውሳለሁ። እንዲህ ስቤ አላውቅም። አዴ ሞሚናም መጥታ ከኋላዬ ገመዱን ይዛለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

ጀማል ከነጭቃው ከጉድጓዱ አፍ ብቅ አለ። ጉንጮቹ ተነፍተዋል። ዱዓሌ ክንዱን ጨምድዶ ይዞ ጎትቶ አወጣውና አፉን ሊያሸት ሲጠጋ ጀማል አፉ የሞላውን ውሃ ፊቱ ላይ ተፋበት።

«ውሃ ነው!» አለ። «እየጠጣሁ ነውኮ! አብቲ፣ እየጠጣሁ እንዴት ልዝፈን?»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ዱዓሌ ግን ክንዱን አለቀቀም። የልጁን ዓይን ገልጦ አየ፣ ትንፋሹን አሸተተ፣ ደረቱን ዳሰሰ። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ተሳሳትኩ» አለ። «ተሳሳትኩ፣ አልሐምዱሊላህ።»

በሰርጉ ላይ መርፌዋን አንስተው ዘፈኑባት። ዱዓሌን መሃል አስገብተው «ሰዓትህን አቁምና ጨፍር» አሉት፤ ጨፈረ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። እኔ ይህ ቀን ነገሩን የሚያቆመው መስሎኝ ነበር። ሰርጉ አልፎ ወደ ሌላ ግቢ ሥራ ስንሄድ፣ ሰውየው ገና ገመዱን ሳይፈታ ዕቃውን አውጥቶ ግራር ላይ ሰቀለና የነሐሱን መርፌ ገጠመ።

«ዱዓሌ፣ ያን ዕለት ተሳስተህ አልነበር እንዴ?» አልኩት።

«እንዴታ! ዛሬም ልሳሳት ነው የምሰቅለው።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥርዓት አደረገው። ከጉድጓድ የሚወጣውን ሰው ሁሉ በጠዋትም ይሁን በቀትር፣ ክንዱን ይዞ ያወጣል፣ ዓይኑን ያያል፣ «ተሳሳትኩ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ቆፋሪዎቹ ይሰለቹት ነበር። እኔም ሰልችቶኝ ያውቃል፤ አሁን ሳስበው ግን በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ በደስታ የተሳሳተ ሌላ ሰው አላየሁም። ሁላችንም ትክክል ለመሆን ስንሟገት ነው የምንኖረው። እሱ አንድ ጊዜ ትክክል ሆኖ ነበርና ዳግም አላማረውም።

እንግዲህ ጀማል ስለ ቀብሩ የነገረኝ ይህን ነው።

የተቀበረው ዐስር ከሚባለው የከሰዓት ሰላት በኋላ ነው። ሬሳውን መቃብር ውስጥ ገብቶ የሚቀበለው ጀማል ነበር፤ ዱዓሌ ልጅ የለውምና ከጀማል የሚቀርበው የለም። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሲጠብቅ ጀማል ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና «መርፌዋን አምጡልኝ» አለ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፣ አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ሼኩም ምንም አላሉም፤ ዱዓሌን ያውቁታል። ዕቃው ከቤት መጣ፣ ግራር ላይ ተሰቀለ። ጥቁሯ መርፌ እንደ ልማዷ ወርዳለች።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«የእኛን መርፌ ከአላህ መርፌ ጋር ገጠምኩ። ትንሽ ቆምኩ። ሰውም ከእኔ ጋር ቆመ፤ ማንም ቶሎ በል አላለኝም። ከዚያ ወረድኩ፣ ተቀበልኩት፣ በቀኝ ጎኑ አስተኛሁት።»

ጀማል ብርጭቆውን ያዞረዋል። ጢሙ ሸብቷል፤ እጆቹ ግን ያው የቆፋሪ እጆች ናቸው።

«ልወጣ ስል ክንዴን ዘረጋሁ፣ ጸጋዬ። ልማድ ሆኖብኝ። ብዙ ሰው እጁን ሰጠኝ፣ ወጣሁ። ዓይኔን የሚያይ ግን የለም። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ያቺን ቃል የሚለው ሰው እኮ ታች ነው። ሲገባኝ ወደ ጉድጓዱ ዞርኩና እኔው አልኩለት።»

«ምን አልከው?»

«ተሳሳትክ አብቲ፣ አልሐምዱሊላህ። ይኸው ወጣሁ አልኩት።»